የኤርጫፎ እጅና ረጅሙ ፉጨት

ዛሬ ጠዋት ከመድኃኒት ቤት ስመለስ መናኸሪያው በር ላይ አንድ አይሱዙ ከቁልቁለቱ ወርዶ ቆመ። ከኋላ ጎማው ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሾፌሩ በጎማው ዙሪያ እየዞረ ይራገማል፣ ረዳቱ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዞ ይሮጣል። የሚያልፈው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን የጥጥና የቅባት ፌስታሌን እንዳንጠለጠልኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሎተሪ አዟሪው ክርኔን ይዞ "እማማ፣ አዞረዎት እንዴ?" አለኝ። አላዞረኝም። የሸተተኝ የጋለ ፍሬን ነው። ባሌ በወጣትነቱ ከሥራ ሲገባ ከእሱ ቀድሞ የሚደርሰኝ ይህ ሽታ ነበር። ሸሚዙን በነጭ ሳሙና ባሸው፣ ፀሐይ ላይ ብሰቅለው፣ በከሰል ካውያ ብተኩሰው አይለቅም ነበር። በዚያን ጊዜ እነጫነጭበት ነበር። ዛሬ ያን ሽታ ለማሽተት መኪናው አጠገብ እንደ ለማኝ ቆምኩ፣ ሾፌሩ ውሃውን ሲደፋበትና ጭሱ ሲጠፋ ሆድ ባሰኝ።

ባሌ ኤርጫፎ ታሞ እቤታችን ተኝቷል። ሐኪሙ ልጃችንን ምሕረትን ወደ ጎን ጠርቶ "ቤታችሁ ውሰዱት፣ አጠገቡ ሁኑ" ብሏታል። ልትደብቀኝ ሞከረች፣ ግን ፊቷ ምንም ደብቆ አያውቅም። እህል ከተወ ሰነበተ፤ ውሃ በነከረ ጥጥ ከንፈሩን እናርስለታለን። ሰው አይለይም። አንድ ነገር ብቻ አልተወም፤ ቀኝ እጁ የአልጋውን ብረት ይዟል። ከሆስፒታል አምጥተን ያስተኛነው ዕለት ያዘው፣ እስካሁን አልለቀቀም። ጠያቂ ሁሉ ሊያስለቅቀው ሞክሯል፤ በዘይት አሽተውታል፣ በለዘብታ አባብለውታል። የእነ ኤርጫፎ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ዘምረው ጸልየው ሲወጡ አንደኛው በር ላይ "እትዬ፣ ይህ ሰው የያዘው ነገር አለ" አሉኝ። የያዘውን አውቃለሁ። እንዴት እንደሚለቅም አውቃለሁ፣ ምሕረትም ታውቃለች። ጥፍሩ የገዛ መዳፉን በልቶት ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። ልጄ ከምታስተምርበት ከቦኖሻ ፈቃድ ጠይቃ ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ነው የምትለምነኝ፦

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ታስለቅቂዋለሽ። እጁ እየበሰበሰ ነው። አንዴ ብቻ አፏጪለት።"

"ነገ" እላታለሁ። ነገም "ነገ" እላታለሁ። እሷ የምታስበው ለእጁ ነው፤ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ከዚያ ሰውዬ ውስጥ በሕይወት የቀረው ያቺ እጁ ብቻ ናት። እሷን ከፈታሁ ምን ይዞት ይቆያል?

እኔ የአስተማሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ ሺንሺቾ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ተምሬ፣ እንደ አባቴ ጠመኔ ያዝኩ። ኤርጫፎ የሆሳዕና ዙሪያ ልጅ ነው። በዚያ ጊዜ የኛ አገር ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ሸንኮራ እርሻዎቹ ይወርድ ነበር፤ እሱ ግን ሸንኮራው ሰለቸውና የሐዲዱን መስመር ተከትሎ ሄዶ ባቡር ላይ ተቀጠረ። ለመስቀል ሲመጣ ሺንሺቾ ገበያ ላይ አየሁት። ካኪ ኮት፣ ጠርዙ የተተኮሰ ቴትሮን ሱሪ፣ አፍንጫው የሾለ ጫማ። የዚያን ቀን ገበያ የወጣ ሰው ቅቤውንና በርበሬውን ትቶ ጫማውን ያይ ነበር። ጓደኞቼ "ባቡር ነጂ ነው" ብለው አስወሩለት፣ እሱም አላስተባበለም። ነጂ አለመሆኑን ያወቅሁት ከተጋባን በኋላ፣ ድሬዳዋ ስገባ ነው። ለሳምንት አኮረፍኩት።

ሥራው ፍሬን መያዝ ነበር። ያኔ የዕቃ ፉርጎ ሁሉ ከነጂው ጋር የተያያዘ ፍሬን አልነበረውም። አንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምባት ጠባብ ቦታ ነበረች፤ እዚያ ላይ የመኪና መሪ የሚያህል የብረት ጎማ ተተክሏል። ያን ጎማ ስትጠመዝዘው ረጅም ብሎን ይሳባል፣ ብሎኑ ከሥር ያለውን ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉ የብረት ማነቂያዎቹን ከመንኮራኩሩ ጋር ያጣብቃል። ባቡሩ ከደጋው ወደ በረሃው ሲወርድ ያን ሁሉ ቡና፣ ቆዳና ጥራጥሬ የሚያቆመው በየፉርጎው ጫፍ ላይ የቆሙት ሰዎች ክንድ ነበር። ነጂው በፊሽካ ያዛቸዋል። ሕጉ ቀላል ነው፦ አጭር አጭር፣ የተደጋገመ ፊሽካ ማለት ጠምዝዝና ያዝ ማለት ነው፤ አንድ ረጅም ፊሽካ ማለት ፍታ። በራስ ፈቃድ መፍታት የሚባል ነገር የለም። ሜዳ ቢታይህ፣ እጅህ ቢላጥ፣ ባቡሩ የቆመ ቢመስልህ ረጅሙ ፊሽካ ሳይሰማ አይፈታም። ኤርጫፎ ይህን ሲነግረኝ እንደ ሃይማኖት ነበር የሚነግረኝ። እኔ ደግሞ እስቅበት ነበር፣ "ታዲያ እኔንስ በስንት ፊሽካ ነው የምትለቀኝ?" እለው ነበር።

ድሬዳዋን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥላው ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ መንገዱን እንደ ጣራ ይሸፍኑታል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው በሙሉ ይተኛል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ማታ ማታ ሽርጥ የታጠቁ ወንዶች ደጅ ደጁ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ከየሻይ ቤቱ የተለያየ ዘፈን እየወጣ መንገዱ መሐል ይደባለቃል፣ ሶማልኛው ከአማርኛው፣ አረብኛው ከኦሮምኛው። ቀፊራ ገበያ ወርደሽ በስሙኒ ፓፓያ ስትገዢ ባለ ዕቃዋ ሎሚ ትመርቅልሻለች። የእኔ ቀሚስ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ታች የሚነሰነስ፣ አበባው ደማቅ ነበር። አሁን ምሕረት ፎቶዬን ስታይ "እማዬ፣ ይሄንን ለብሰሽ ነው ያስተማርሽው?" ትለኛለች። ለብሼ ነው ያስተማርኩት። ዘመኑ በኋላ ከፋ፤ በየጣቢያው ወታደር ቆመ፣ ሰው ሲያወራ ግራ ቀኙን ማየት ጀመረ፣ ከጎረቤቶቻችን የት እንደገቡ ያልታወቁ አሉ። ስለዚያ ብዙ ማለት አልፈልግም። ስለዚያ ሌሎች ጽፈዋል። ስለ ፍሬን ያዦች ግን የጻፈ አላየሁም።

አንድ ቀን ወደ ከተማው ሲቃረቡ ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ ያሉት ፉርጎዎች ከባቡሩ ተለያዩ። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ የሰማሁት ከጓደኞቹ ነው። ፉርጎዎቹ መንሸራተት ሲጀምሩ ከሌሎቹ ፍሬን ያዦች አንዳንዶቹ ዘለሉ፤ አልፈርድባቸውም፣ ልጆች ነበሯቸው። ኤርጫፎ ጠምዝዞ ያዘ። ደረቱን ከብረቱ ጎማ ላይ ጥሎ፣ እግሩን ከብረቱ ጋር አጣምሮ ያዘ። ፉርጎዎቹ እየጮኹ፣ ከሥራቸው የእሳት ብናኝ እየረጩ ሄደው ሄደው ቆሙ። ማንም ሰው አልተጎዳም። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ሮጦ ደርሶ "በቃ፣ ቆሟል፣ ውረድ" ቢለው ኤርጫፎ አልለቅም አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ሊያላቅቁ ቢሞክሩ አልቻሉም። ጥርሱን ነክሶ "ፊሽካ አልተነፋም" ይላቸዋል። ነጂው ያለበት ሞተር ደግሞ ርቆ ሄዷል። በመጨረሻ ጋሽ አሊ የሚባሉ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ነጂ መጡ፤ ሁኔታውን አይተው ማንንም አልተቆጡም። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው አንድ ረጅም ፉጨት አፏጩ። ኤርጫፎ እጁን ከፈተና እንደ ጆንያ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ከተማውን አዳረሰ፣ ሻይ ቤት ሲገባ ሁሉም በረጅሙ ያፏጭበታል፣ እሱም የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋላቸዋል።

ትከሻው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስላልዳነ ከፉርጎ አውርደው ፍሬን የሚጠገንበት ክፍል መደቡት። ምሳውን ባለ ሦስት ድርብ ሳህን ይዤለት ስሄድ በመስኮት አይ ነበር። ጣራው ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ይዞራል፤ ከዘንጉ ላይ ሰፋፊ የቆዳ ቺንጋዎች ወርደው ብረት የሚልገውን ቶርኖም፣ የሚበሳውን ትራፓኖም፣ የመሳያ ድንጋዩንም ያዞራሉ። አንድ ሞተር ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። ቺንጋው ጧ ጧ ይላል፣ ብረቱ ሲላግ እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ዘይቱ ሲግል ይጨሳል። ኤርጫፎ ቶርኖ ላይ ቆሞ የፍሬን ብሎን ያወጣ ነበር። አንዱን ጨርሶ ሲያበቃ ዳዶውን ጫፉ ላይ ያስገባና በአንድ ጣት ገፋ ያደርገዋል፤ ዳዶው በራሱ እስከ መጨረሻው ከዞረ ያልፋል፣ መሐል ላይ ከቆመ እንደገና ወደ ቶርኖው። "ብሎን ላይ የሚንጠለጠለው ሰው ነው" ይለኝ ነበር። ምሳውን ሲበላ እጁን በናፍጣ ይታጠባል፣ ስለዚህ ወጡ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አሁን ያንን ወጥ ለአንድ ጉርሻ ባገኘው ምን ነበረበት።

ቆይቶ የእጅ ፍሬኑ ቀረ፣ የአየር ፍሬን መጣ፣ ፍሬን ያዦቹም ተበተኑ። የቆዳ ቺንጋዎቹም ወረዱ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሞተር አገኘ። ኤርጫፎ ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚፈልግ ቢጠይቁት የተጣለ የፍሬን ጎማ ከነብሎኑ አላቸው፣ ሰጡት፤ ሌላው ሰው ቁም ሳጥንና ሬዲዮ ጭኖ ሲመለስ እኛ ሆሳዕና የገባነው ብረት ጭነን ነው። አውቶቡስ ጣራ ላይ ሲያስጭነው ረዳቱ "ጋሼ፣ ይሄ መሪ የምን መኪና ነው?" አለው። "መሪ አይደለም፤ ይሄ የሚያቆም ነው" አለው። እናቱ ያኔ በሕይወት ነበሩ። እንሰት ፍቀው፣ ውሃውን በእጃቸው ጨምቀው፣ ጉልበታቸው አልቆ ሲቀመጡ አየና በግቢያችን ጥግ የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሞ ጎማውን ከነብሎኑ ተከለበት። መጭመቂያ ሆነ። የተፋቀው እንሰት በቃጫ ተጠቅልሎ ከሥሩ ይገባል፣ ጎማው ይጠመዘዛል፣ ውሃው ወደ ሳህኑ ይወርዳል፤ ሲያድር ነጩ ቡላ ከታች ይረጋል። የሰፈሩ ሴቶች ቆጯቸውን ተሸክመው ግቢያችንን ሞሉት። እናቱ ሃዲይኛቸውን ትተው እኔ እንድሰማ በአማርኛ "ልጄ ባቡሩን ቤት አመጣው" አሉ። እነዚያ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ጥሩ መሆናቸውን ያወቅሁት ሲያልቁ ነው።

መርሳት ሲጀምረው መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የልጁን፣ ቀጥሎ የእኔን ረሳ። "ሴትየዋ" ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ ድንገት ተነስቶ ወደ መጭመቂያው ሮጠና ባዶውን ጠምዝዞ ያዘ። ደረቱን እላዩ ላይ ጥሎ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ላብ ጠምቆት። ምን እንደነካው አልገባኝም ነበር። ከዚያ ሰማሁት። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ሥነ ሥርዓት አስከባሪዎቹ ሚኒባስ ለማስወጣት ቀኑን ሙሉ አጭር አጭር ፊሽካ ይነፋሉ። ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ "ያዝ" እየተባለ ነው። ረጅሙን የሚነፋለት ደግሞ የለም። ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ጎረቤት ጠርቼም አልለቀቀም፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ዋለ። በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። አንድ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ወጣት አስከባሪ አግኝቼ ነገርኩት፤ መሐል መሐል ላይ አንድ ረጅም ፊሽካ እንዲነፋልኝ ለመንኩት።

"እማማ፣ ፊሽካ ደግሞ ሕግ አለው እንዴ? እኛ የምንነፋው ሚኒባሱ እንዲሰማ ነው" አለኝና ሳቀ።

"የእኔ ሰውዬም ይሰማል እኮ፣ ልጄ።"

ሳቁን አቆመ። ያን ቀን ነፋልኝ፣ በማግስቱም ነፋልኝ፣ ከዚያ ፈረቃው ተቀየረ። ስለዚህ ራሴ መማር ነበረብኝ። በኛ ዘንድ ሴት ልጅ አታፏጭም፤ እናቴ ቤት ውስጥ ማፏጨት እባብ ይጠራል እያለች ነው ያሳደገችኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጥርሴ ሳስቶ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ጓሮ ቆሜ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ ምራቅ ብቻ ነበር የሚወጣው። ጎረቤቶቼ የባልየው ሳያንስ ሚስቲቱም ለየላት ሳይሉ አልቀሩም። አንድ ቀን ግን ወጣ፣ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ነገር፣ ግን ረጅም። ኤርጫፎ ጎማውን ለቀቀ። ዞሮ አየኝና ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ከዚያ ወዲያ በቀን ደጋግሜ እፈታው ነበር፣ አልጋ ላይ እስኪወድቅ ድረስ። ስሜን ረስቶ ፉጨቴን ያውቅ ነበር፣ እኔም በዚያው ተጽናንቼ ኖርኩ።

ዛሬ ከመናኸሪያው ቤት ስገባ ምሕረት አልጋው ሥር ተንበርክካ መዳፉን በሞቀ ውሃ ልታጥበው ትታገላለች። ጣቶቹ አልከፈት ብለዋት በጨርቅ ጫፍ መሐላቸውን ትጠርጋለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

"ትል ሊያፈራ ነው፣ እማዬ። ከዚህ በላይ አልለምንሽም" አለች።

ፌስታሉን አስቀመጥኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱ አልቆ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል። ጣቴን አፌ ውስጥ ስከት ከንፈሬ ደርቆ እምቢ አለኝ፤ ከእሱ ጥጥ ወስጄ አራስኩት። ከዚያ አፏጨሁ። አንድ ረጅም ፉጨት። ጣቶቹ አንድ በአንድ ብረቱን ለቀቁ። ምሕረት እያለቀሰች መዳፉን አጠበች፣ ቅባቱን ቀባች፣ በጥጥ ሸፈነችው። ትንፋሹ ረዘመ። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ዝምታም ረዘመ። የፈራሁት ይህንን ነበር። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ያልሰማሁት ድምፁ ከሩቅ መጣ።

"ቁልቁለቱ አለቀ?"

ምሕረት አየችኝ። አለቀ በይው እያለችኝ ነው፤ ከዓይኗ ገባኝ። ደክሞታል፣ እረፍ ልለው ይገባኝ ነበር። ደግ ሚስት እንደዚያ ነው የምትለው። አፌን ከፍቼ "አለቀ" ልል ነበር፣ አላልኩም። የግራ እጄን አንጓ በጥጥ በተሸፈነው መዳፉ ላይ አስቀመጥኩና ጣቴን እንደገና አፌ ውስጥ ከተትኩ። አጭር አጭር አድርጌ አፏጨሁ፣ ደጋግሜ።

ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ። ያዘኝ።

ምሕረት የውሃውን ሳህን ይዛ ወጣች፤ ብትቆጣኝም እውነት አላት። ይህንን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው፣ ግራው እሱ ዘንድ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ልጆቹ አጭር አጭር ፊሽካቸውን እየነፉ ነው። በዚያ ሰሞን ረጅሙን ንፉልኝ ብዬ የለመንኳቸውን ዛሬ አደራ እላቸዋለሁ፣ አጭር አጭሩን ይንፉ። ረጅሙን ግን ከእንግዲህ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ከእኔ አይጠብቅ።